በሄፓታይተስ ሲ ሕክምና መሃል ደም ማነስና ድካም ሲመጣ ምን ይደረግ?

«መድኃኒቱ አቅሜን ጨረሰው። ላቁመው እንዴ?»

መድኃኒት በማድልበት መስኮት በየሳምንቱ የምሰማው ጥያቄ ነው። አንዱ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ደረጃ መውጣት አቅቶት ይመጣል። ሌላዋ የላቦራቶሪ ወረቀቷን ይዛ «ደምሽ 9 ሆኗል አሉኝ» ትላለች። ቆሜ በአምስት ደቂቃ የምነግራቸው ነገር አይበቃም። ስለዚህ በቅደም ተከተል ጻፍኩት።

ከሁሉም በፊት አንድ ነገር፦ መድኃኒቱን በራስዎ አያቁሙ፣ አይቀንሱም። ዝም ብለው ይቻሉት ማለቴ አይደለም። ድካሙ እውነተኛ ነው። ግን ደም ማነስ የሚለካ ነገር ነው፤ እንደ ልኩም የሚወሰድ እርምጃ አለው። እርምጃውን የሚወስነው ሐኪሙ ነው። የእርስዎ ድርሻ በጊዜ መናገርና እስከዚያው ጉልበትዎን በልክ መጠቀም ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- አንድ ደብተርና ስክሪብቶ
- እስካሁን የተሠሩ የደም ምርመራ ውጤቶች፣ በተለይ ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት የተሠራው
- ማንቂያ ያለው ስልክ
- የመድኃኒት ብልቃጦቹ ራሳቸው፤ ክኒኑን አውጥተው ወረቀት ላይ አይጠቅልሉት፣ እርጥበት ያበላሸዋል
- የሙቀት መለኪያ፣ ከተገኘ
- ምን እየሆኑ እንደሆነ የሚያውቅ አንድ የቤት ሰው

ደረጃ 1፦ የሚወስዱትን መድኃኒት በስሙ ይወቁ

ብልቃጡ ላይ ያለውን ያንብቡ። የማይነበብዎት ከሆነ ልጅዎ ወይም ጎረቤት ያንብብልዎት።

ሶፎስቡቪር ከቬልፓታስቪር ወይም ከዳክላታስቪር ጋር ብቻ ከሆነ ድካምና ራስ ምታት የተለመዱ ናቸው። እነዚህ በቀን አንዴ፣ በአብዛኛው ለ12 ሳምንት የሚወሰዱ ናቸው። ደም በማፍረስ ግን አይታወቁም።

ሪባቫይሪን የሚል ብልቃጥ ካለ ነገሩ ሌላ ነው። ሪባቫይሪን ብዙ ጊዜ የሚጨመረው ጉበታቸው ክፉኛ ለተጎዳ ወይም ቀድሞ ታክመው ላልዳኑ ሰዎች ነው። ቀይ የደም ሴል ውስጥ ገብቶ ይከማቻል። ሴሉ መልሶ ሊያስወጣው አይችልም። ጉልበቱን ይጨርስበታል፣ ሽፋኑን ይጎዳዋል። 120 ቀን ገደማ መኖር የነበረበት ሴል ቀድሞ ይፈርሳል። መቅኔው የፈረሰውን ያህል መተካት ሲያቅተው ደም ያንሳል።

ይህን መለየት ለምን ያስፈልጋል? ሪባቫይሪን ሳይወስዱ ደምዎ ከወረደ ምክንያቱ ሌላ ነው፤ መፈለግ አለበት። ደረጃ 10 ላይ እመጣበታለሁ።

ደረጃ 2፦ የራስዎን መነሻ ቁጥር ይያዙ

ሲቢሲ የሚባለው የደም ምርመራ ወረቀት ላይ ሄሞግሎቢን (ቀይ የደም ሴል ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ነገር) የሚለውን ይፈልጉ። ሕክምና ከመጀመርዎ በፊት ስንት ነበር? ደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በትልቁ ይጻፉት።

በባሕር ወለል አካባቢ ለሚኖር ሰው ደም ማነስ የሚባለው ለወንድ ከ13፣ ላላረገዘች ሴት ከ12 ግራም በዴሲ ሊትር በታች ሲሆን ነው። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሰውነት ብዙ ደም ይሠራል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ ደብረ ብርሃን ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ስለዚህ 13 የሚለው ቁጥር ደብረ ብርሃንና ጋምቤላ ላይ አንድ ትርጉም የለውም።

ዋናው ነገር ከራስዎ ጋር ማወዳደር ነው። ከ15 ወደ 11.5 የወረደ ሰው፣ ከ12 ወደ 11.5 ከወረደው ይልቅ ይዝላል። ቁጥራቸው አሁን አንድ ቢሆንም።

ደረጃ 3፦ የምርመራ ቀኖቹን ዛሬውኑ ምልክት ያድርጉ

ሪባቫይሪን የሚወስዱ ከሆነ ቢያንስ ሁለተኛውና አራተኛው ሳምንት ላይ ሲቢሲ ይሠራል። ከዚያ በኋላ ሐኪሙ በሚሰጥዎት ቀጠሮ ይቀጥላል። ደሙ መውረድ የሚጀምረው በአንድና ሁለት ሳምንት ውስጥ ነው። አራተኛው ሳምንት አካባቢ ዝቅተኛው ቦታ ላይ ይደርሳል። «ደህና ነኝ» ብሎ ሁለተኛውን ሳምንት የዘለለ ሰው፣ በአራተኛው ድንገት ሊወድቅ ይችላል።

በሳምንት ይቁጠሩ እንጂ በወር አይቁጠሩ። የሶፎስቡቪርና ቬልፓታስቪር ብልቃጥ ብዙ ጊዜ 28 ክኒን ነው የሚይዘው። ሦስቱ ብልቃጥ 84 ቀን፣ ማለትም 12 ሳምንት ነው። የእኛ ወር ግን 30 ቀን ነው። «በወሩ እመጣለሁ» ያለ ሰው ሁለት ቀን ያለ መድኃኒት ይቀራል። ብልቃጡ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ይምጡ።

ሐኪሙ ምን ያደርጋል? ልቡ ጤነኛ የሆነ ሰው ሄሞግሎቢኑ ከ10 በታች ከሆነ ሪባቫይሪኑ በአብዛኛው በቀን ወደ 600 ሚሊ ግራም ይወርዳል። ከ8.5 በታች ከሆነ ይቆማል። የልብ ሕመም ላለበት ሰው ጥንቃቄው ቀድሞ ይጀምራል። በአራት ሳምንት ውስጥ 2 ቁጥር መውረዱ ብቻ ለመቀነስ ይበቃል። የሚቀነሰው ግን ሪባቫይሪኑ ነው። ሶፎስቡቪር በግማሽ አይወሰድም። ሪባቫይሪን በሐኪም ትእዛዝ ስለተቀነሰም ሕክምናው ከሸፈ ማለት አይደለም፤ በአዲሶቹ መድኃኒቶች የሚታከሙ አብዛኞቹ ሰዎች እንዲያም ሆኖ ይድናሉ። ይህን የምጽፈው ቁጥሩን አይተው ራስዎ እንዲወስኑ አይደለም። ወረቀቱ ላይ 10 ወይም ከዚያ በታች ሲያዩ ቀጠሮ ሳይጠብቁ እንዲደውሉ ነው።

ደረጃ 4፦ ሪባቫይሪንን ከምግብ ጋር ይውሰዱ

በባዶ ሆድ አይሆንም። ምግብ ሲኖር መድኃኒቱ በደንብ ወደ ደም ይገባል፤ ማቅለሽለሹም ይቀንሳል። ብዙውን ጊዜ ለሁለት ተከፍሎ ነው የሚታዘዘው። ለምሳሌ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከቁርስ ጋር፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ከራት ጋር። ለሁለቱም ስልክዎ ላይ ማንቂያ ይሙሉ።

ጾም የሚጾሙ ከሆነ ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ይናገሩ። እስከ 9 ሰዓት መቆየት የጠዋቱን ክኒን በባዶ ሆድ ያደርግብዎታል። ንስሐ አባትዎን ያማክሩ፤ ለታመመ ሰው መንገድ አለው። ረመዳን ላይ ከደረሰም ሰዓቱን ከሐኪሙ ጋር አስቀድመው ያስተካክሉ። ጠበል የሚጠጡም ክኒኑን ሳይተዉ ይጠጡ።

ክኒን ከረሱ በሚቀጥለው ሰዓት ሁለቱን ደርበው አይዋጡ። ይደውሉና ይጠይቁ።

ደረጃ 5፦ ድካሙን በየማታው ይጻፉ

ሁለት መስመር ይበቃል። ከ0 እስከ 10 ቁጥር ይስጡት፤ 0 ምንም ድካም የለም፣ 10 ከአልጋ መነሳት አልቻልኩም። ከዚያ ዕለቱን ምን እንደሠሩ፣ ትንፋሽ አጥሮ እንደሆነ፣ ስንት ሰዓት እንደተኙ።

«በጣም ደክሞኛል» ሲሉ ሐኪሙ መለኪያ የለውም። «ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው የምኖረው፤ ባለፈው ሳምንት ሳላርፍ እወጣ ነበር፤ አሁን ሁለት ጊዜ አርፋለሁ» ሲሉ ግን ወዲያው ይገባዋል። ደብተሩ ሌላም ጥቅም አለው። ከአንድ ሳምንት በኋላ ጉልበት የሚኖርዎትን ሰዓት ያሳይዎታል። የሚቀጥለው ደረጃ የሚሠራው በዚያ ነው።

ደረጃ 6፦ ከባዱን ሥራ ደህና በሚሆኑበት ሰዓት ያድርጉት፣ ይከፋፍሉት

ኦክስጅን የሚሸከመው ደም ሲያንስ ልብ በፍጥነት በመምታት ለማካካስ ይሞክራል። ተደራራቢ ሥራ ሲመጣበት አይችልም። ልብ ድው ድው የሚለው፣ ዓይን የሚያጨልመው ለዚህ ነው።

እንጀራ የሚጋግሩበት ቀን ልብስ አይጠቡ። ሲጋግሩ በርጩማ ላይ ይቀመጡ። ሊጡን ሌላ ሰው ያቡካልዎት። ጄሪካኑን ሙሉ አይሸከሙ፤ በግማሽ ሁለት ጊዜ ያስመጡ። ሽንኩርት መክተፍ፣ ምስር መልቀም ተቀምጠው የሚሠሩ ናቸው፤ ድካም ለሚበዛበት ሰዓት ይተዉአቸው። የታክሲ ሰልፍ ላይ መቆም ከሥራው በላይ ያደክማል። ከተቻለ ከሰው ግርግር ቀደም ብለው ይውጡ።

ከአልጋ ሲነሱ ጠርዙ ላይ አንድ ደቂቃ ይቀመጡ፣ ከዚያ ይቁሙ። ሹፌር ከሆኑ ወይም ማሽን ላይ የሚሠሩ ከሆነ፣ ራስዎን በሚያዞርበት ቀን አይሥሩ። የሐኪም ፈቃድ ወረቀት ይጠይቁ፤ ለዚህ ነው ያለው።

ብዙዎች፣ በተለይ እናቶች፣ እገዛ መጠየቅ ይከብዳቸዋል። አንዲት እናት ከቤተሰቧ ደብቃ ስትታከም ነበር። ማንም ስለማያውቅ ማንም አላገዛት። ስትደክም የማታውን ክኒን መተው ጀመረች። ያወቅነው ብልቃጡ ውስጥ የቀረውን ስንቆጥር ነው። ለአንድ ሰው ብቻ እንኳ ይንገሩ።

ደረጃ 7፦ በየቀኑ ትንሽ ይራመዱ

ሜዳ ላይ 10 ደቂቃ። እየተራመዱ ማውራት ከቻሉ ልኩ ነው፤ ለማውራት ትንፋሽ ካጠረዎት ይቁሙ። የተኛ ጡንቻ በጥቂት ሳምንት ይከሳል፣ የከሳ ጡንቻ ደግሞ ይበልጥ ያደክማል። ሄሞግሎቢንዎ ከ10 በታች ከሆነ ወይም ልብ ሕመም ካለብዎት መጀመሪያ ሐኪሙን ይጠይቁ።

ደረጃ 8፦ ምግቡን ያስተካክሉ፣ የብረት ክኒን ግን አይጀምሩ

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። «ደም አነሰ» ሲባል ሁሉም ወደ ብረት ክኒን ይሮጣል። ሪባቫይሪን ያመጣው ደም ማነስ የብረት እጥረት አይደለም። ሴሉ ሲፈርስ ብረቱ ሰውነት ውስጥ ይቀራል። ያለ እጥረት የተጨመረ ብረት የሚከማችበት ዋናው ቦታ ደግሞ ጉበት ነው። እያከምን ያለነውን ጉበት። ብረት የሚወሰደው ፌሪቲን የሚባለው፣ የብረት ክምችትን የሚያሳየው ምርመራ እጥረት ካሳየና ሐኪም ካዘዘ ብቻ ነው።

መቅኔው አዲስ ሴል ለመሥራት ፎሌት የሚባለውን ቫይታሚን ይፈልጋል። ጎመን፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ ላይ አለ። ሽሮና ጎመን ያለበት የጾም ገበታ ለዚህ ጥሩ ነው። እንቁላል፣ ወተት፣ የበሰለ ሥጋ ለጡንቻ ያስፈልጋል። ጥሬ ሥጋና ለብ ለብ ክትፎ እስከሚጨርሱ ይቅሩ፤ የተጎዳ ጉበት ኢንፌክሽንን መቋቋም ይቸግረዋል።

በአንዴ ብዙ ከመብላት በቀን አምስት ጊዜ ትንሽ ትንሽ ይሻላል። ሲሮሲስ ያለባቸው፣ ማለትም ጉበታቸው የጠጠረ ሰዎች ማታ ከመተኛታቸው በፊት የሚቀምሱት ነገር ይኑራቸው፤ ትንሽ በሶ፣ ገንፎ ወይም ዳቦ በወተት። ጤነኛ ጉበት ለሌሊት የሚሆን ስንቅ ያስቀምጣል። የጠጠረ ጉበት ስለማይችል ሰውነት ሌሊቱን ጡንቻውን ይበላል፤ ጠዋት ላይ ዝሎ መነሳት አንዱ ምክንያቱ ይህ ነው።

ውሃ በየጊዜው ይጠጡ። ሆድዎ ውሃ የያዘ ከሆነ ግን የውሃውንም የጨውንም መጠን ሐኪሙ ይወስናል።

ቡና አልተከለከለም። ከሰዓት በኋላ ግን ይቅር፤ እንቅልፍ ይነሳል። የብረት እጥረት እንዳለ በምርመራ ከታወቀ ቡናና ሻይ ከምግቡ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይራቁ፤ ብረቱ እንዳይገባ ያግዳሉ።

ደረጃ 9፦ እንቅልፍዎን ይጠብቁ

ሪባቫይሪን እንቅልፍ ይነሳል። የማታውን ክኒን ከራት ጋር በጊዜ መውሰድ ይረዳል። ቀን ላይ ማረፍ ጥሩ ነው፤ ከ30 ደቂቃ አይብለጥ፣ ከ9 ሰዓት በኋላም አይሁን።

ደረጃ 10፦ ሌላ ምክንያት እንዳይኖር ያስመርምሩ

ሁሉንም በመድኃኒቱ አያሳቡ። ከቆላ የመጡ ከሆነ ወይም ትኩሳት ካለ የወባ ምርመራ ይሠራ። በባዶ እግር ጭቃ ውስጥ ለሚሠራ ሰው የመንጠቆ ትል አለ፤ አንጀት ላይ ተጣብቆ ደም ይመጥጣል፣ ሰገራ ምርመራ ያሳየዋል። የወር አበባ የሚበዛባት ሴት ትናገር። ሲሮሲስ ያለበት ሰው ከጉሮሮ በታች ካሉ ያበጡ የደም ሥሮች ሊደማ ይችላል። ድብርትም ልክ እንደ ደም ማነስ ያዝላል፤ ነገር ሁሉ ካስጠላዎት እሱንም ሳያፍሩ ይንገሩ።

ደረጃ 11፦ ከጨረሱ በኋላ

ሪባቫይሪን ከቆመ በኋላ ደሙ በአብዛኛው ከ4 እስከ 8 ሳምንት ውስጥ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። በማግስቱ አይጠብቁት። ከመጨረሻው ክኒን 12 ሳምንት በኋላ የቫይረስ ምርመራ ይደረጋል፤ መዳንዎ የሚረጋገጠው በዚያ ነው። ድካሙ ስለሄደ ብቻ ይህን ቀጠሮ አይተዉት።

ማስጠንቀቂያ

ከሚከተሉት አንዱ ከታየ ቀጠሮ አይጠብቁ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፦

- የደረት ሕመም፣ ተቀምጠው ሳሉ የትንፋሽ ማጠር፣ ራስን መሳት
- ሬንጅ የመሰለ ጥቁር ሰገራ ወይም ደም ማስታወክ
- ቀን እያንቀላፉ ሌሊት መንቃት፣ ግራ መጋባት፣ የእጅ መንቀጥቀጥ
- አዲስ የዓይን ቢጫ መሆን

ሪባቫይሪን ጽንስን ክፉኛ ይጎዳል። የምትወስደው ሴት በሕክምናው ወቅትና ከዚያ በኋላ ቢያንስ 9 ወር ማርገዝ የለባትም። የሚወስደው ወንዱ ከሆነም ሚስቱ በሕክምናው ወቅትና ከዚያ በኋላ ቢያንስ 6 ወር ማርገዝ የለባትም።

ለልብ ምት የሚሰጠው አሚዮዳሮን ከሶፎስቡቪር ጋር ልብን አደገኛ በሆነ ሁኔታ ሊያዘገይ ይችላል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲንና የሚጥል በሽታ መድኃኒቶቹ ካርባማዜፒንና ፌኒቶይን የሄፓታይተሱን መድኃኒት ኃይል ያሳጡታል። እንደ ኦሜፕራዞል ያሉ የጨጓራ መድኃኒቶችም ቬልፓታስቪር በደንብ እንዳይገባ ያደርጋሉ። የሚወስዱትን ሁሉ ይዘው ይቅረቡ። ሄፓታይተስ ቢ ካልተመረመሩም ይጠይቁ፤ ሲ ሲጠፋ ተኝቶ የነበረ ቢ ሊነሳ ይችላል።

ለራስ ምታት ፓራሲታሞል ይሻላል፤ በቀን ከ2 ግራም፣ ማለትም ከአራት ባለ 500 ክኒን አይብለጥ። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ሲሮሲስ ላለበት ሰው ኩላሊት ይጎዳሉ፣ መድማትም ያመጣሉ።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

አንደኛው ግሉኮስ ማስደረግና ቢ ኮምፕሌክስ መወጋት ነው። ግሉኮስ ቀይ የደም ሴል አይጨምርም። ለአንድ ምሽት የተሻለዎት ቢመስልም ሄሞግሎቢኑ ያው ነው። ንጹሕ ባልሆነ መርፌ መወጋት ደግሞ ሄፓታይተስ ሲ ራሱ ከሚተላለፍባቸው መንገዶች አንዱ ነው። አንዴ የዳነ ሰውም እንደገና ሊያዝ ይችላል።

ሁለተኛው ድካምን በጫት መሸፈን። ጫት ድካሙን ይደብቃል፣ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ይወስዳል፤ ጉበትንም ይጎዳል። ጠላ፣ ጠጅና አረቄም በዚህ ጊዜ ለጉበት ተጨማሪ ሸክም ናቸው።

ሦስተኛው ለ«ወፍ በሽታ» የሚሰጥ የባሕል መድኃኒት ደርቦ መጠጣት። ውስጡ ምን እንዳለ፣ መጠኑም ስንት እንደሆነ አይታወቅም። ጉበት ቢጎዳ የትኛው እንደጎዳው መለየት አይቻልም።

አራተኛው ስኳር ሕመም ላለባቸው ነው። የሦስት ወር አማካይ የሚያሳየው የስኳር ምርመራ ደም በሚፈርስበት ጊዜ ከእውነቱ ዝቅ ብሎ ይወጣል። ወረቀቱን አይተው መድኃኒትዎን አይቀንሱ። የጣት ምርመራውን ይከተሉ።

የመጨረሻው ሐኪም ፊት ቀርቦ «ደህና ነኝ» ማለት ነው። ወረፋው ረጅም ነው፣ ሐኪሙም ይቸኩላል። ይሉኝታ ይይዛል። ስለዚህ የሚሉትን ከቤት ጽፈው ይሂዱ፦ «ሪባቫይሪን ከጀመርኩ አራተኛ ሳምንቴ ነው። ሄሞግሎቢኔ ከ14 ወደ 10.2 ወርዷል። ድካሜ ከ3 ወደ 7 ሄዷል፣ ደረጃ ላይ ሁለት ጊዜ አርፋለሁ። አንድም ክኒን አልዘለልኩም። መጠኑ ይታይልኝ፤ ቀጣዩ ምርመራስ መቼ ነው?»